የሰብሌ ጆሮና የበዛች ዓይን

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው አውቶቡስ አቀስታን አልፎ አንዱን ዳገት ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ የፈነዳውን ጎማ አየ፤ ቀጥሎ ትርፉን አየ፤ ሁለቱ ብዙም እንደማይበላለጡ ተረዳና ወደ አቀስታ ስልክ ደወለ። ተሳፋሪውም ነገሩ ቶሎ የሚያልቅ እንዳልሆነ ገብቶት አንድ በአንድ ወረደ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ነፋሱን ሽሽት ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ተደረደረ።

ወይዘሮ አልታየች ደህናውን ጥግ ቀድመው ያዙ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በመካነ ሰላም ጆሮ በመብሳት የሚስተካከላቸው የለም፤ ሰውንም የሚያስታውሱት በፊቱ ሳይሆን በጆሮው ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት ባለትዳር ሰላም ስትላቸው ስሟን ፍለጋ አይደክሙም። ሻሿን በአንድ ጣት ገለጥ ያደርጉና ወይ «የኔ ነሽ» ይላሉ፣ ወይ «የሌላ ሰው ነሽ» ብለው ያልፋሉ። የሌላ ሰው የሆነችው ለምን እንደቀዘቀዙባት ሳይገባት ትቀራለች።

በዚያን ቀን በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረው ነበር፤ ከደሴ የገዟት ጥንድ የወርቅ ሎቲ። የልጅ ልጃቸው በመጪው እሑድ ሰማንያ ቀኗን ሞልታ ክርስትና ትነሣለች። ክፋቱ፣ ለወሊድ ከወረኢሉ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ የመጣችው ልጃቸው ሰብሌ የልጇን ጆሮ መርፌ እንዳይነካው ቃል አውጥታለች። መጀመሪያ በልመና ነበር የተናገረችው። በኋላ ግን፣ «ከነካው ልጄን ይዤ ወረኢሉ እገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የልጅ ልጅ አለኝ እንዳትይ» አለች።

ወይዘሮ አልታየች ግን የራሳቸው ዕቅድ ነበራቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰብሌ ከእንግዳ ጋር ስትባዝን ሕፃኗ በማን እቅፍ እንደምትውል ያውቃሉ። መርፌያቸውም ሥራውን ለመጨረስ አንድ ሰው አስነጥሶ «ይማርህ» እስኪባል ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃዋል።

አጠገባቸው አንዲት ወጣት መጥታ ተቀመጠች። «እንዴት ዋሉ እማማ» አለች፤ እርሳቸውም የነጋዴው የሙሐሲን ልጅ ሀጀራ መሆኗን አወቁ። ጂዳ ሦስት ዓመት ሠርታ፣ ተመልሳ ነርስነት የተማረች፣ አሁን በከተማው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ናት። የሌላ ሰው ናት። ቢሆንም የሙሐሲን ልጅ ናትና ስለ አባቷ ጤና፣ ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል ተጠያየቁ። በመካከሉ ነፋስ መጣና ሻሿን አነሣው።

በግራ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለ። የሳንቲም ያህል ክብ ነው፤ ጆሮዋን ከፊትና ከኋላ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ ይዞታል። ወይዘሮ አልታየች በአርባ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ ጌጥ አላዩም። በጆሮ ላይ ያላዩት ነገር ሲኖር ደግሞ ያስቆጣቸዋል።

«ይሄ ምን የሚሉት ሎቲ ነው?»

«ሎቲ አይደለም እማማ፤ መድኃኒት ነው።»

«ጆሮ የሚቆነጥጥ መድኃኒት?»

«የሚቆነጥጠው ጠባሳውን ነው። ተመልሶ እንዳያብጥ።»

ሀጀራ ሻሿን እያስተካከለች ታሪኩን ነገረቻቸው። ጂዳ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ሆና ከመጀመሪያው ቀዳዳ ከፍ ብላ ሁለተኛ አስበሳች። ቁስሉ ደህና ድኖ ነበር። ከአራት ወር በኋላ በቀዳዳው ዳር እንደ ሽምብራ ያለ ነገር ወጣ፤ ያሳክካል፤ ሲያሳክክም ያድጋል። አገሯ ስትገባ የባቄላ ፍሬ ያህል ሆኖ ነበር። ደሴ ያለ የቆዳ ሐኪም በየወሩ እዚያው እብጠቱ ውስጥ መርፌ ወጋላት፤ ሲለሰልስ ቆርጦ አወጣው፤ ከቆረጠውም በኋላ መርፌውን ቀጠለ፤ በመጨረሻ ይህን መቆንጠጫ ሰጣት። አሁንም ከቀጠሮ መመለሷ ነው።

ወይዘሮ አልታየች ሁሉንም በጥሞና ሰሙ። የጠየቁት ግን ሐኪሙን የሚመለከት አልነበረም።

«ያን ጊዜ ማን አየሽ?»

«ምኔን?»

«ጆሮሽን ነዋ። የተበሳሽ ሰሞን ትኩር ብሎ ያየሽ ሰው ነበረ?»

ሀጀራ የጂዳን ሕዝብ በሐሳቧ ቆጥራ ሳይሆን አይቀርም ትንሽ ዘግይታ መለሰች። «ወላሂ እማማ፣ እዚያ አገር ከቤት የምወጣው ተሸፋፍኜ ነው። ያየኝ ቢኖር አሠሪዬ ናት፤ እሷም የምታየው ወለሉን ነበር፣ ጠርጌው እንደሆነ።»

ይህ መልስ ወይዘሮ አልታየችን ደስ አላሰኛቸውም። ምክንያቱም በቤታቸው አንድ የጸና እምነት አለ፤ የሰብሌን ጆሮ ያበላሸችው ጎረቤታቸው በዛች ናት።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ሰብሌ በሕፃንነቷ የተበሳችው ጆሮ ሎቲ ሳይደረግበት ከርሞ ተደፈነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ ለጥምቀት ሎቲ አማረኝ ስትል፣ እናቷ እንደገና ወጓት፤ ክር አሳለፉበት፤ ቅቤ ቀቡት። በጥምቀቱ ማግስት ወይዘሮ በዛች በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና ልጅቷን አይተው «ጆሮሽ ሲያምር» አሉ። ወይዘሮ አልታየች ወዲያው ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉ፤ ግን አልያዘም። በፋሲካ የግራ ጆሮዋ ሽምብራ አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች አንድ አጥር እንጂ አንድ ቃል አልተጋሩም። የአንዷ ዶሮ ወደ ሌላዋ ግቢ ስትገባ በአጥሩ አናት በዝምታ ትመለሳለች። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነው። መካነ ሰላምም ትንሽ ከተማ ናትና፣ የበዛች ዓይን ወሬ ከአጥሩ አልፎ ሄደ።

ይህን ሁሉ ለሀጀራ ነገሯት። ሀጀራ አልሳቀችም፤ ይህም በጎ ሥራ ሆኖ ተቆጠረላት። እብጠቱን ምን አደረጉት ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ምን ያላደረግሁት አለ? ጸበል ወሰድኳት። ከጸበሉ መልስ ሼኹም ዘንድ ዱዓ አስደረግሁላት፤ በልጅ ነገር የሚመረጥ የለም። የዛሬ አምስት ዓመት ደግሞ ለሠርጓ ብዬ ቆረጥኩት። በአዲስ ምላጭ፣ በእሳት አንድጄ። ሥሩን በፈረስ ጭራ አሰርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽምብራ አጭጄ ኮክ አበቀልኩ።»

ሀጀራ አንገቷን ነቀነቀች። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም ተይ እንደማይላቸው ነገረቻቸው፤ ስለ ምላጩ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። እጇን የተደገፉት የድንጋይ ካብ ላይ አሳረፈች።

«እማማ፣ ይህ ካብ አንድ ቦታ ቢናድ ባለቤቱ ምን ያደርጋል?»

«ይክባል።»

«ክፍተቱ ሲሞላስ?»

«ወደ ቤቱ ይገባል፤ ምን ይሠራል።»

«የብዙ ሰው ገላም እንደዚያው ነው። ሲቆስል ይክባል፣ ሲሞላ ይተዋል። የአንዳንዱ ሰው ገላ ግን በቃ ማለት አያውቅም። ክፍተቱ ሞልቶም ድንጋይ ያመጣል፤ ካቡ ከመስመሩ ወጥቶ መንገዱን ይዘጋል። ሐኪሞች ኬሎይድ ይሉታል። ነቀርሳ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን ቆርጦ ብቻ መተው ለዚያ ለማይበቃው ካቢ አዲስ የተናደ ቦታ መስጠት ነው። ደግሞ ይክበዋል፤ ብዙ ጊዜም ከፊተኛው አስበልጦ።»

ወይዘሮ አልታየች ካቡን ዞር ብለው አዩት። ድንጋዩ በደንብ የተካበ ነበር፤ ይህም አናደዳቸው።

«እሺ፤ ገላው ነው እንበል። ስንቱን ሰው በስቻለሁ። የሁሉም ገላ አንድ ሥጋ ነው። ለምን የኔን ልጅ ብቻ?»

«የሰብሌ ብቻ ነው? ከበሷቸው ሁሉ ሌላ ያበጠበት የለም?»

የለም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የጆሮ ጥያቄ ነውና በጆሮ ላይ መዋሸት አልሆነላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ። የይርዳው ትልቋ ልጅ አብጦባታል። የይርዳው ትንሿም። የልጆቹ አክስት ደግሞ ማሻ ከተማ ሄዳ በሌላ ሰው የተበሳች ናት፤ እሷም ሁለቱም ጆሮዋ። የኪዳነማርያም ልጆች አምስት ናቸው፤ አንዳቸውም አልነካቸውም። የአሕመዲን ሚስትና እህቷ፤ ሁለቱም አብጦባቸዋል።

«በቤት በቤት ነው የሚሄደው» አሉ፤ ራሳቸውን እንደሚያናግር ሰው። ይህን ከዛሬ በፊት አብረው አስቀምጠውት አያውቁም ነበር።

«ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እርስዎ ያለ መጽሐፍ ደረሱበት» አለች ሀጀራ። ቀጥላም በዝግታ ጠየቀች። «በእናንተስ ቤት? በጆሮ ባይሆን በሌላ ቁስል። በእሳት፣ በእባጭ፣ በክትባት። ድኖ ካበቃ በኋላ ያበጠበት ሰው የለም?»

ወይዘሮ አልታየች የእናታቸው ክንድ ትዝ አላቸው። የፈንጣጣ ክትባት የተወጉበት ቦታ በመሞቻቸው ዘመንም እንደ ጥንዚዛ ጀርባ ያብረቀርቅ ነበር፤ ልጆች ሳሉ በጣታቸው ይጫወቱበታል። ከዚያ እጃቸው፣ ሳይልኩት፣ በነጠላቸው ሥር ወደ ደረታቸው ሄደ።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከጡታቸው በላይ እባጭ ወጥቶባቸው ነበር። እባጩ ፈረጠ፣ ደረቀ፤ ቦታው ግን እንደ ጣት ወፍሮ ቀረ። ሙቀት ሲሆን ያሳክካል። ከባላቸው በቀር ያየው ሰው የለም፤ እርሳቸውም ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጆሮ የሚመለከት አስተያየት እንኳን የማይሰጡ ሰው ነበሩ። በዛች ደግሞ ያን ጊዜ በዚያ አገር አልነበረችም፤ ወደ ጎረቤትነት የመጣችው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ዓይን ለመጉዳት ማየት አለበት። የእርሳቸውን ደረት በዛች አይታው አታውቅም።

ሾፌሩ ከአቀስታ የመጣለትን ጎማ መግጠም ጀምሯል። ተሳፋሪው በአገጣጠሙ ላይ ምክር ይሰጣል። ወይዘሮ አልታየች ግን ከካቡ አልተነሡም። የእናታቸውን ክንድና የገዛ ደረታቸውን ነገር ለሀጀራ አጫወቷትና «ከኔ ነዋ የሄደው» አሉ።

«ጥፋት አይደለም እማማ። የዓይን ቀለም ከእናት ሲሄድ ጥፋት ይባላል?»

«መርፌው ግን የኔ ነው። ምላጩም።»

ሀጀራ ለዚህ ማጽናኛ ፈለገች፤ ያገኘችው «አብሽሩ፤ ሳያውቁ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። እርሱም እውነት ስለሆነ በቃ።

ሆኖም በአርባ ዓመት ሥራ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ካብ ሥር አይረታም። ወይዘሮ አልታየች በነጠላቸው ጫፍ ያለችውን ቋጠሮ ዳበሱና የመጨረሻ ክርክራቸውን አመጡ። ሰብሌ በሕፃንነቷ የተበሳችው ምንም አልሆነ፤ ያበጠው በአሥራ ሁለት ዓመቷ የተወጋችው ነው። ታዲያ ሕፃን ሲሆኑ አይነካም ማለት ነው፤ ታዲያ የልጅ ልጃቸውን ዛሬ ነገ ሳይባል መብሳት ይሻላል ማለት ነው።

ሀጀራ ፈገግ አለች። «ይህን ከሐኪሙም ቢከራከሩ ግማሹን ያምንልዎታል። በሕፃንነት ሲሆን ይቀንሳል ይላሉ። ካደጉ በኋላ፣ በጉርምስናው አካባቢ ይብሳል። ግን ቀነሰ እንጂ ጠፋ አይደለም። የማንም ቤት ልጅ ብትሆን፣ በአዲስ መርፌ፣ በታጠበ እጅ ይሁን ባልኩ። ይህች ግን እናቷም፣ አያቷም፣ ቅድመ አያቷም የሚክብ ገላ ያላቸው ናት። በሽታ ቢይዛት መወጋት ግድ ነው፤ ይሄ ጌጥ ነው። ለጌጥ ብለው ይህን ዕጣ ያወጡባታል?»

«ጆሮዋ ያልተበሳ ሴት ምን ትባላለች?»

«ጆሮዋ ያላበጠ ትባላለች።»

ወይዘሮ አልታየች ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። የሚጠይቁት እርሳቸው ነበሩ። መርፌው ያማል ወይ? ያማል፣ አለች ሀጀራ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ያስለቅሳል፤ ግን ይለሰልሳል፣ ማሳከኩም ይተዋል። አንዴ ነው? አይደለም፤ በየወሩ ነው፣ ብዙ ወር፤ የሚያቋርጥ ሰው ነው የሚመለስበት። መቆንጠጫው? ከተቆረጠ በኋላ፣ ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ ለብዙ ወራት። ፈጽሞ ይጠፋል ወይ? ለዚህ ማንም ሐኪም አይምልም፤ የሚመለስበት አለ፤ ሲጀምር ቶሎ የመጣ ሰው ግን ይቀለዋል። ሰብሌም የምታጠባ መሆኗን ለሐኪሙ ቀድማ ትናገር።

ወይዘሮ አልታየች ቤታቸው ሲደርሱ ሰብሌ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እናቷ የነጠላቸውን ቋጠሮ ሲፈቱ፣ ሎቲዋንም ስታይ፣ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ወይዘሮ አልታየች ከመሶቡ ጀርባ የመርፌ ማኅደራቸውን አውጥተው ከሎቲዋ አጠገብ አኖሩት። ከዚያ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያላሳዩዋትን፣ የቀሚሳቸውን ደረት ገልጠው አሳዩዋት።

«ይህን ነው ከኔ የወሰድሽው» አሉ። «በዛች አይደለችም።»

ሰብሌ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው፤ እርሳቸው የእናታቸውን ክንድ ይነኩ እንደነበረው። ከዚያ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። በእናቷ ፊት እንኳ ካወረደችው አምስት ዓመት ሆኗት ነበር።

የሰብሌን ነገር እዚህ ላይ መጨረስ ይሻላል። ከክርስትናው በኋላ ከሀጀራ ጋር ደሴ ሄደች፤ ቀጥሎም በየወሩ ባሏ ይሄነው ከወረኢሉ ይዟት ይሄዳል። በሁለተኛው መርፌ ማሳከኩ ተወ፤ በአራተኛው በግራ ጎኗ መተኛት ቻለች፤ ሲለሰልስ ሐኪሙ ቆርጦ አወጣው፤ አሁን እሷም መቆንጠጫ አላት፣ ሳትሰለች ታደርገዋለች። ፎቶ ስትነሣ ፊቷን ወደ ግራ ማዞር ትታለች። ወይዘሮ አልታየችም ሥራቸውን አልተዉም፤ ሥርዓቱን ግን ለወጡ። ልጅ ይዛ የመጣችን እናት አስቀድመው ክንዷንና ደረቷን ይመረምሯታል፤ እናትየዋ ትደነግጣለች። በቤታችሁ ቁስሉ ድኖ ያበጠበት አለ ወይ ይላሉ። አለ ካለች፣ መርፌያቸውን አይነኩም፤ የይርዳውን ልጅ ሕፃን እንዲሁ መልሰዋታል። የለም ካለች፣ ከፋርማሲ ያልተከፈተ መርፌ ይዘሽ ነይ ይሏታል፤ አንድ መርፌ ለሁለት ልጅ ቀርቷል፤ ቅቤም ቀርቷል። ዳሩ ሲወፍር ካያችሁ ሎቲውን አውጡና ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ ምላጭ እንዳታስነኩ፣ ብለው ይሸኛሉ። ደንበኞቻቸው ቀንሰዋል። የሚቆጡ እናቶችም ቀንሰዋል። ያቺ ሎቲ አንጥረኛ ዘንድ ሄዳ የአንገት መስቀል ሆናለች።

አሁን ወደዚያች ሳምንት እንመለስ። የሚከብደው ነገር የቀረው እዚያ ነውና።

ወይዘሮ አልታየች ከደሴ በገቡ ማግሥት በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ዞረው ወይዘሮ በዛች ቤት ገቡ። ወይዘሮ በዛች ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ ቢላዋቸውን አላስቀመጡም። ወይዘሮ አልታየች ቆመው የካቡን፣ የደረታቸውን፣ የይርዳውን ልጆች ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው። ይቅር በዪኝ አሉ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ወይዘሮ በዛች።

«የሙሐሲን ልጅ።»

«ያኔ እኔ አይደለሁም ብዬ ስምልልሽ አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም።»

ወይዘሮ በዛች ሽንኩርቱን ልጠው ጨረሱ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሕፃን ያለበት ቤት ስገባ መሬት መሬቱን ነው የማየው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የገዛ እህቴ ልጅ ስትወልድ በሩ ላይ ቆሜ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ተመለስኩ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። መልኩን አላውቀውም።»

ወይዘሮ አልታየች እሑድ ለክርስትናው እንዲመጡላቸው ለምነው ወጡ።

እሑድ መጡ። እንግዳው ሁሉ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አንዳንዷም ልጇን ወደ ጓሮ አወጣች። ወይዘሮ በዛች ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ወይዘሮ አልታየች ሕፃኗን ከሰብሌ እቅፍ ተቀብለው በሰው ሁሉ መካከል አልፈው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለውም በወይዘሮ በዛች ጭን ላይ አስቀመጧት።

«እይልኝ» አሉ።

ወይዘሮ በዛች ቀስ ብለው ቀና አሉ። የሕፃኗን ፊት አዩ፤ ቀጥሎ መርፌ ያልነካውን ቀኝ ጆሮዋን፣ ቀጥሎ ግራውን።

«ጆሮዋ ሲያምር» አሉ።

ሁሉም እንትፍ ይላሉ ብሎ የወይዘሮ አልታየችን አፍ ጠበቀ። እርሳቸው ከአግዳሚው ተጠግተው ተቀመጡ።

«አሜን» አሉ። «ደግመሽ በዪልኝ።»